ወሰን

አንሴልም ቦርድናቭ፣ ሐዲድ አድማጭ ነበር፤
በመዶሻ መትቶ፣ ጆሮውን ደፍቶ፣ ከብረት ሲማከር
ሠላሳ አንድ ክረምት፣ ከሻምፓኝ ሜዳ ላይ፣ ያነጋ ያለ ማኅበር።
ጤነኛው ሐዲድ ሲመታ ይዘምራል፤
የታመመው ግን፣ ፀጉር ያህል ቢሰነጠቅ፣ ድምፁ ያሳብቃል።
«ብረት አያባብልም» ይለኝ ነበር ሲያስተምር፣ «የሆነውን ይላል።»

መሐንዲሶች መጡ፣ ከፓሪስ ወረዱ፤
ሐዲዱን ለኩት፣ በኮምፒውተር ዓይን፣ በእግር ሳይሄዱ።
ወንበር ነቃቀሉ፤ መንገደኛ የለ፤
መጋረጃው ወጣ፣ የሻንጣው መደርደሪያ፣ ከደጅ ተጣለ፤
በሰው ፈንታ ገመድ፣ በሻንጣ ፈንታ ሰዓት፣ ውስጡ ተጠቀለለ።
መንኮራኩሩም እንኳ በትልቅ ተለውጦ፣
እንደ ሙሽራ ጫማ፣ ለአንዲት ቀን ብቻ፣ ቆመ አምሮ አጊጦ።

ሽቦውን ሲወጥሩት፣ «ለምን?» ብለን ጠየቅን።
«ባቡሩ ሲነካው ሞገድ ይነሣል» አሉ፣ «ያን ሞገድ፣ የገዛ ልጁን፣
ሮጦ የደረሰበት ቀን ሁሉም ይበጠሳል፤
ስለዚህ ይወጠር፤ ሞገዱ ይፍጠን፣ ይቅደመው ባቡሩን።»
አንሴልም ሳቀና፣
«አውቀዋለሁ» አለ፣ «ሰው የገዛ ጥላውን
ሮጦ የያዘ ዕለት የሚሆነውን።»

ከድልድዩ ማዶ አንድ ቦታ አለ፤
አዲሱ መሥመር ሲመጣ፣ የአንሴልምን አባት እርሻ፣ ለሁለት ከፈለ፤
ከአያት የወረደው የወሰን ድንጋይ፣ በዶዘር ተነቀለ።
አዛውንቱ ካሳ ተቀበሉ፤ ዝም አሉ፤
«ወሰን የሚገፋ ርጉም ነው» ከሚለው ሥር፣ በመጽሐፍ ቅዱሳቸው፣
በእርሳስ አሰመሩ፣ ሌላ ምንም ሳይሉ፤
ላሞቻቸው ማዶ፣ እሳቸው ወዲህ፣ በድልድይ ሲዞሩ፣ ዕድሜያቸውን ከፈሉ።

ቀኑ ሚያዝያ ነው። ጎመን ዘሩ አብቦ፣ ሜዳው ብጫ ለብሶ፣
ሕዝቡ ድልድዩ ላይ፣ ሕፃን ተሸክሞ፣ መነጽር ተውሶ፤
ከንቲባዋ ኦርታንስ፣ ባለሦስት ቀለሙን የሹመት መቀነት አጥብቃ ታጥቃ፣
አንዴ ሰዓቷን፣ አንዴ አድማሱን፣ ታያለች ተጨንቃ።
እኛ ከአጥሩ ሥር ነን። ሰው ሁሉ ገና በዓይኑ ሲፈልግ
ሐዲዱ ማንሾካሾክ ጀመረ፤
«መጣ» አለኝ አንሴልም፤ ጆሮው ነው ያየው።
ያን ጊዜ ነው ብናኙ፣ የዚያ ብጫ አበባ፣ አፍንጫው የገባው።
አነጠሰ።

«ይማርህ» ልለው ከንፈሬን ስከፍት፣
«ይ» ስል ባቡሩ መጣ፤
«ማር» ስል ሰማይ እንደ አቡጀዲ ተቀደደ፣ ኮፍያዬ ከራሴ ወጣ፤
«ህ» ስል ሐዲዱ ባዶ ነው፤
አበባው ብቻ ተኝቷል፣ ቀና የሚልበት አቅም ያጣ።

«ክብረ ወሰን ተሰበረ!» አለ ድምፅ ማጉያው፤
ጠርሙስ ተከፈተ፤ ተቃቀፈ ሰው።
አንሴልም አፍንጫውን ጠርጎ፣ መሀረቡን አጥፎ፣
«አለፈ እንዴ?» አለኝ።
«አለፈ።»
«ምንድን ነው የተሰበረው?»
«ወሰን።»
ወዲህ አየ፣ ወዲያ አየ፣ የአባቱን መሬት፤
«እሱማ» አለ ቀስ ብሎ፣ «ከተሰበረ ስንት ዓመት።»

ሌሊት ፋኖስ ይዘን ወጣን፤ በሰዓት ሦስት ኪሎሜትር፣ በአንሴልም ፍጥነት፤
ፎቶ የሚያነሣን የለ።
የተፈናጠረ ጠጠር ለቀምን።
ሐዲዱን መታው፤ አደመጠ፤
«ደክሞታል» አለ፣ «ግን ደኅና ነው፤ ይተኛ።»

ከዓመታት በኋላ፣ ጡረታ ወጥቶ፣ ጋዜጣ ሳነብለት፣
በጃፓን አገር ባቡር፣ ከመሬት ተነሥቶ፣ በማግኔት ተንሳፎ፣
የኛን ፍጥነት ማለፉን ስነግረው፣ ግድም አልሰጠው፤
«ሐዲድ ካልነካማ» አለ፣ «ሲታመም በምን ይነግራቸው?»

መዶሻው ዛሬ የኔ ነው።
ከድልድዩ ማዶ፣ ድንጋዩ ከነበረበት ስደርስ፣
እሱ ያደርግ እንደነበረው፣ ሁለቴ እመታለሁ፤
አንዱን ለባቡሩ።
ሁለተኛውን ለምን እንደሆነ አልነገረኝም፤
እኔም አልጠየቅሁት፤
ብቻ አደምጣለሁ።